ጓዳ የሌለው ቤት፦ የዕቃ ክምችት፣ የቤት ሥርዓትና የአእምሮ ደኅንነት

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የአንትሮፖሎጂ፣ የአርኪዮሎጂና የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባልና ሚስቱ ሁለቱም ተቀጥረው የሚሠሩባቸውንና ልጆች ያሏቸውን 32 መካከለኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች በየቤታቸው እየሄዱ አጠኑ። የአርኪዮሎጂ ባለሙያ የጥንት መንደር ሲቆፍር እንደሚያደርገው ሁሉ፣ በየክፍሉ ያለውን ዕቃ በፎቶግራፍ እየመዘገቡ አንድ በአንድ ቆጠሩት። መጀመሪያ በተቆጠረው ቤት፣ በሁለት መኝታ ክፍሎችና በሳሎኑ ብቻ፣ ለዐይን የሚታዩ 2,260 ዕቃዎች ተገኙ። በቁም ሣጥን፣ በመሳቢያና በካርቶን ውስጥ ያለው በዚህ ቁጥር አልተካተተም። ከአራት ጋራዦች በሦስቱ ገደማ መኪና ማስገባት አልተቻለም፤ ቦታውን ከቤት የተረፈ ዕቃ ይዞት ነበር። የማቀዝቀዣ በር እንኳ በአማካይ 52 ነገሮች ተለጥፈውበት ተገኝቷል።

የዕቃው ብዛት በራሱ የሥነ ልቦና ጉዳይ አይደለም። ጉዳዩ የሥነ ልቦና የሆነው ዳርቢ ሳክስቢና ሬና ሬፔቲ ከዚሁ ጥናት ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ሥራ ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች 60 ባለትዳሮች የቪዲዮ ካሜራ ይዘው ቤታቸውን ክፍል በክፍል እንዲያስጎበኙና የሚያዩትን በራሳቸው አንደበት እንዲገልጹ አደረጉ። ከዚያም ንግግራቸው ተጽፎ ቃላቱ በኮምፒዩተር ተቆጠሩ። መዝረክረክንና ያላለቀ ሥራን የሚያመለክቱት በአንድ ወገን፣ ዕረፍትንና አረንጓዴ ስፍራን የሚያመለክቱት በሌላ ወገን ተመደቡ። በተጨማሪም ተሳታፊዎቹ ለተከታታይ የሥራ ቀናት ምራቃቸውን በቀን ደጋግመው ስለሰጡ፣ ከውጥረት ጋር የሚያያዘው ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን መጠን ተለካ።

ኮርቲሶል ጤነኛ በሆነ ሰው ማለዳ ከፍ ብሎ ወደ ማታ እየወረደ ይሄዳል። ቤታቸውን ዝርክርክና ያላለቀ አድርገው በገለጹት ሴቶች ዘንድ ግን ይህ ቁልቁለት ዝርግ ሆኖ ተገኘ፤ ቀኑ እየገፋ በሄደ ቁጥርም የተከፋ ስሜታቸው ይጨምር ነበር። ቤታቸውን የዕረፍት ስፍራ አድርገው የገለጹት ሴቶች ሁኔታ ተቃራኒ ነበር። በትዳር ያለው እርካታና የግለሰቡ የመጨነቅ ዝንባሌ በስሌቱ ውስጥ ገብተው እንኳ ግንኙነቱ አልጠፋም። በባሎች ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ዝምድና አልታየም። አንድን ሳሎን የሚጋሩ፣ አንድ የልብስ ክምር የሚያዩ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ክምሩ በአንዷ አካል ላይ ምልክቱን ሲያሳርፍ በሌላው ላይ ያን ያህል አያሳርፍም።

ልዩነቱን የሚያብራራው ክምሩን የማንሣት ኃላፊነት በማን ትከሻ ላይ እንደተጣለ ነው ማለት ይቻላል። ወለሉ ላይ የወደቀ ካልሲ ለአንዱ ካልሲ ብቻ ነው፤ ለሌላዋ ገና ያልተሠራ ሥራ፣ ምናልባትም እንግዳ ድንገት ቢመጣ የሚያሳፍር ነገር ነው። ስለዚህ ስለ ቤት ሥርዓትና ስለ አእምሮ ደኅንነት የሚነገረው ሁሉ ቤቱን የሚያስተካክለው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ከቀረ ግማሹን ነገር ትቷል። ቤቱ በሴቲቱ ተጨማሪ ድካም ብቻ የሚጸዳ ከሆነ፣ ንጹሑ ሳሎን ራሱ የውጥረቱ ምንጭ የማይሆንበት ምክንያት የለም።

ያልተስተካከለ ስፍራ አእምሮን የሚያደክምበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው። አንደኛው ከማየት ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። ስቴፋኒ ማክሜይንስና ሳቢነ ካስትነር በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት የአንጎል ምስል ጥናት፣ በአንድ ጊዜ በዐይን ፊት የሚቀርቡ ብዙ ነገሮች በአንጎል የማየት ክፍል ውስጥ እርስ በርስ እንደሚሻሙ ያሳያል። ትኩረት ይህን ሽሚያ ዳኝቶ አንዱን ያስቀድማል፤ ዳኝነቱ ግን አቅም ይጠይቃል። ሙከራው የተደረገው በምስሎች እንጂ በተዝረከረከ ሳሎን ውስጥ አልነበረም። ከዚህ ተነሥቶ «የተዝረከረከ ቤት አንጎልን ይጎዳል» የሚሉ ጽሑፎች ከማስረጃው በላይ ርቀው ሄደዋል።

ሁለተኛው መንገድ ያልተፈጸመ ጉዳይ በሐሳብ ላይ የሚያሳድረው ጫና ነው። ብሉማ ዛይጋርኒክ እ.ኤ.አ. በ1927 በበርሊን ያሳተመችው ጥናት፣ ሰዎች በመሐል የተቋረጠባቸውን ሥራ ከጨረሱት ይልቅ እንደሚያስታውሱ አመልክቶ ነበር። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ሁሉ ይህን አላጸኑትም። ሆኖም ማሲካምፖና ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሥራ አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመረ፤ ያልተፈጸመ ዓላማ በሌላ ሥራ መካከል እየገባ ሐሳብን የሚረብሽ ቢሆንም፣ ሰውየው ዓላማውን መቼና እንዴት እንደሚፈጽም ቁርጥ ያለ ዕቅድ ሲያወጣ፣ ሥራው ገና ሳይሠራ እንኳ ረብሻው ይቀንሳል። የተሰበረውን ወንበር «አንድ ቀን አስጠግነዋለሁ» ማለትና «ቅዳሜ ጠዋት ለአናጢው እሰጠዋለሁ» ማለት ለወንበሩ ልዩነት የላቸውም፤ ለባለቤቱ ግን አላቸው።

ዕቃ ከቤት የማይወጣው ሰው ሰነፍ ስለሆነ ነው የሚለው ፍርድም መታረም ይገባዋል። ካህነማን፣ ክኔችና ቴለር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ሙከራ ለግማሾቹ ተማሪዎች የቡና መጠጫ ኩባያ ሰጥተው ዋጋ እንዲተምኑለት ጠየቁ። ኩባያው የተሰጣቸው ተማሪዎች ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ፣ ያልተሰጣቸው ለመግዛት ካቀረቡት ሁለት እጥፍ ገደማ ነበር። ኩባያው በእጃቸው ከገባ ጥቂት ደቂቃ ቢሆነው ነው። የእናት መሶብ፣ የሠርግ ሳህን፣ የልጅ የመጀመሪያ ጫማ ሲሆን ሚዛኑ ምን ያህል እንደሚያጋድል መገመት አያዳግትም።

በአማርኛ ዕቃ፣ ጓዝ፣ ኮተት፣ ግሳንግስና ቅራቅንቦ የሚሉት ቃላት አንድን ነገር በተለያየ ዐይን የማየት ውጤቶች ናቸው። ባለቤቱ ዕቃ የሚለውን ጎረቤቱ ግሳንግስ ይለዋል። ቃሉን የመምረጥ ሥልጣን የማን ነው የሚለው ጥያቄ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል።

በቀድሞው የቤት አሠራር ሳሎንና ጓዳ የተለያዩ ነበሩ። ሳሎኑ ለእንግዳ ነው፤ ቡፌው፣ በውስጡ የተደረደረው ብርጭቆ፣ በዳንቴል የተሸፈነው ሶፋ በዚያ ይቀመጣሉ። ጓዳው ደግሞ የእህሉን ከረጢት፣ ሙቀጫውን፣ ምጣዱን፣ እንስራውን፣ ያረጀውንና «ለክፉ ቀን» የተባለውን ሁሉ ከዐይን ይሰውራል። የጓዳ ምስጢር የሚባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ይህን አቀማመጥ በእጅጉ አጠበበው። ስቱዲዮ የሚባለው ቤት ስፋት እስከ 20 ካሬ ሜትር፣ ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30 ካሬ ሜትር እንዲሆን ነበር የታቀደው። ለእርድ፣ እንጀራ ለመጋገርና ልብስ ለማጠብ በየግቢው የጋራ መገልገያ ቤት ቢሠራም፣ ምጣዱም ድስቱም የሚያድሩት በዚያችው ጠባብ ክፍል ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ጓዳ የለም፤ ወይም፣ በሌላ አነጋገር፣ ቤቱ ሁሉ ጓዳ ሆኗል፤ እንግዳም የሚቀመጠው፣ ልጅም የሚያጠናው፣ ባልና ሚስትም የሚተኙት በዚያው ነው።

ከሎስ አንጀለስ የተገኘውን ውጤት በዚህ ቤት ላይ በቀጥታ መጫን ስሕተት ይሆናል። እዚያ ጋራዡን የሞላው ከፍላጎት በላይ የተገዛ ዕቃ ነው። እዚህ በኮሪደሩ የተደረደሩት ቢጫ ጀሪካኖች ግን ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ዋስትና ናቸው። ባዶ የዘይት ጠርሙስ፣ የታጠፈ ፔስታል፣ የወተት ቆርቆሮ እንደገና አገልግሎት የሚሰጡ ነገሮች ናቸው፤ ዳግም ለመግዛት ገንዘብ የማይተርፈው ቤተሰብ ያስቀመጣቸው በስሌት ነው። «ለዓመት ያህል ያልነኩትን ዕቃ አስወግዱ» የሚለው ምክር መተኪያውን መግዛት ለሚችል ሰው የተሰጠ ምክር ነው። ጀሪካኖቹን ከዐይን ማራቅ ውጥረትን ሊቀንስ ይችላል፤ ማስወገዳቸው ግን ቧንቧው በደረቀ ዕለት ከባድ ውጥረት ይወልዳል።

ከተማይቱ ዕቃ ከቤት የሚወጣበትን የራሷን መንገድ አበጅታለች። «ቆራሌው!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ሰው ያረጀ ብረትና ጠርሙስ ይገዛል፤ ልዋጭ የሚለው አሮጌ ልብስ ተቀብሎ አዲስ ሳህን ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ይሰጣል፤ ከመርካቶው ምናለሽ ተራ የደረሰ ቆርቆሮ ደግሞ ተቀጥቅጦ ምድጃ ወይም ሌላ ዕቃ ሆኖ ይመለሳል። እነዚህ ሰዎች የሚሰጡት የገንዘብ ጥቅም ጥቂት ነው። በሥነ ልቦና ረገድ ያላቸው አገልግሎት ግን ይበልጣል፤ ዕቃው «ተጣለ» ሳይሆን «ለሰው ጠቀመ» ስለሚባል የመለየቱ ሕመም ይቀልላል። ነገር ግን ልዋጭ አንዱን አስወጥቶ ሌላውን ያስገባል፤ ቤቱ በዚህ መንገድ እንደማይቀልል ማንም የቤት እመቤት ታውቃለች።

ዓውደ ዓመትም የራሱ ድርሻ አለው። እንቁጣጣሽ ወይም ፋሲካ ሲቃረብ ቤት ይገለበጣል፣ መጋረጃ ይታጠባል፣ አልጋ ተነሥቶ ከሥሩ ያለው ይወጣል፣ በበዓሉ ዕለት ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ቤተ እስራኤላውያን ኢትዮጵያ ሳሉ ለፋሲካቸው አሮጌውን የሸክላ ዕቃ ሰብረው በአዲስ የመተካት ልማድ ነበራቸው። እዚህ ላይ የሚስተዋለው ውሳኔው ከግለሰቡ ትከሻ ላይ መውረዱ ነው፤ «ልጣለው ወይስ ልተወው» የሚለውን ሙግት ቀኑ ራሱ ይዘጋዋል። ከላይ የተጠቀሰው የማሲካምፖና የባውማይስተር ግኝት ቁርጥ ቀን ሐሳብን እንደሚያሳርፍ የሚያሳይ ከሆነ፣ የበዓል መቁጠሪያ ይህን አገልግሎት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲሰጥ ቆይቷል ማለት ነው። ድካሙ በአብዛኛው የሴቶች መሆኑ ግን እዚህም አልተለወጠም።

ሥርዓት ሁሉ በጎ፣ ዝርክርክነት ሁሉ ክፉ አይደለም። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ካትሊን ቮስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ በተስተካከለ ክፍል የተቀመጡ ሰዎች ለበጎ አድራጎት የበለጠ ሰጡ፤ ከቸኮሌት ይልቅ ፖም መረጡ። በተዝረከረከው ክፍል የተቀመጡት ደግሞ ለፒንግ ፖንግ ኳስ አዳዲስ አገልግሎቶችን በማፍለቅ በለጡ። የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ ስለነበር ውጤቱ በጥንቃቄ ሊወሰድ ይገባል፤ ሆኖም ለጥናታቸው በወረቀት ክምር ተከበው የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጥቂት መጽናኛ ሳያገኙበት አይቀሩም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የምክንያትና የውጤት አቅጣጫ ጉዳይ ነው። የሳክስቢና የሬፔቲ ሥራ ዝምድናን እንጂ መንሥኤን አያረጋግጥም። ድባቴ የያዘው ሰው ጉልበት ያጣል፣ መወሰን ይሳነዋል፣ ሳህኑን ለማጠብ መነሣት ተራራ ይሆንበታል። ቤቱ የተዝረከረከው ስለታመመ ሆኖ ሳለ ቤተሰቡ «ቤትህን ብታስተካክል ይሻልሃል» ሲለው፣ የሕመሙን ምልክት ጥፋት አድርጎ እየቆጠረበት ነው። በርግጥ ትንሽ ሥራ ጀምሮ መጨረስ ስሜትን ሊያነቃቃ ይችላል፤ ለድባቴ ከሚሰጡ የሥነ ልቦና ሕክምናዎች አንዱም ታማሚው ቀላል ተግባራትን በዕቅድ እንዲፈጽም ይረዳል። ተግባሩ ግን አንድ ጠረጴዛ ወይም አንድ መሳቢያ ነው፤ ቤት ሙሉ አይደለም፤ ሌላ ሰው በቁጣ የሚያዘውም አይደለም።

ዕቃ ማከማቸቱ ራሱ ሕመም የሚሆንበት ጊዜም አለ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ፣ ከመጠን ያለፈ የማከማቸት መታወክ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ተመዝግቧል። ዴቪድ ቶሊንና ባልደረቦቹ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድመው ባሳተሙት ጥናት፣ ይህ መታወክ ያለባቸው ሰዎች በአንጎል መመርመሪያ መሣሪያ ውስጥ ሆነው ወረቀቶች ይቀመጡ ወይስ ይቀደዱ ብለው እንዲወስኑ ጠይቀው ነበር። ወረቀቱ የሌላ ሰው ሲሆን፣ የአንድን ነገር ክብደት በመመዘን ላይ የሚሳተፉት የአንጎል ክፍሎች እንቅስቃሴ ከጤነኞቹ ያነሰ ነበር፤ የራሳቸው ሲሆን ግን ከልክ በላይ ናረ። ለሌላው ተራ የፖስታ ወረቀት የሆነው ነገር ለእነርሱ ብርቱ ውሳኔ ነበር።

ስለዚህም ጌይል ስቴኬቲና ራንዲ ፍሮስት ለዚህ መታወክ ያዘጋጁት ሕክምና የሚጀምረው በመጣል አይደለም። ታማሚው ዕቃውን በዓይነት መለየትን፣ ስለ እያንዳንዱ የሚያምነውን መናገርን፣ አዲስ ዕቃ ከማምጣት መታቀብን ይለማመዳል። ሐኪሙ ወደ ቤት ሲሄድ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አንዲት ወረቀት እንኳ አይነካም። በቅን ልቦና ተነሣሥተው፣ ባለቤቱ በሌለበት ቀን መኪና ተከራይተው ቤቱን ባዶ የሚያደርጉ ልጆችና ዘመዶች ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ውጤት ከዚህ የተለየ ነው፤ ክፍሉ እንደገና ይሞላል፣ እናት ወይም አባት ግን ከዚያ በኋላ በሩን አይከፍቱላቸውም።