ከፈተናው ይልቅ መጠበቁ፦ የካርቱም ተማሪዎችና የዩኒቨርሲቲ ምደባ ጭንቀት

በሱዳን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በየተቋሙ እየዞረ በማመልከት ሳይሆን፣ በዐረብኛ በአጭሩ «ሸሃዳ» የሚባለውን አገር አቀፍ የሰርተፍኬት ፈተና ወስዶ፣ በመቶኛ ባገኘው አማካይ ውጤትና «ረግባት» ማለትም ፍላጎቶች ተብለው በቅደም ተከተል በሚሞሉ ምርጫዎች መሠረት በማዕከል በሚካሄድ ምደባ ነው። አሠራሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በካርቱም የኖሩ የኢትዮጵያና የኤርትራ ስደተኛ ቤተሰቦች ልጆችም በዚሁ በር ሲያልፉ ኖረዋል። ከፈተናው አንሥቶ ምደባው እስኪታወቅ ባሉት ወራት ተማሪው እንቅልፍ ሲያጣና ምግብ አልበላ ሲለው ቤተሰብ ምክንያቱን በፈተናው ክብደት ላይ ያደርገዋል፤ ይሁን እንጂ ስለ ጭንቀት የተደረጉ ጥናቶች ጣታቸውን የሚቀስሩት በሌላ ነገር ላይ፣ ይኸውም የሚመጣውን ባለማወቅ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 45 በጎ ፈቃደኞችን በኮምፒውተር ላይ ድንጋይ እየገለጡ ከሥሩ እባብ መኖር አለመኖሩን እንዲገምቱ ያደረጉ ሲሆን፣ እባብ በተገኘ ቁጥር ተሳታፊው እጁ ላይ የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይደርስበት ነበር። የቆዳ ላብና የዐይን ብሌን ስፋት ሲለካ፣ ሰዎቹ አብዝተው የተጨነቁት ንዝረቱ እንደማይቀር ባወቁ ጊዜ ሳይሆን፣ የመምጣቱና የመቅረቱ ዕድል እኩል፣ ማለትም 50 በመቶ በሆነ ጊዜ ነበር። ክፉ መሆኑ የታወቀ ነገር ሰው ራሱን እንዲያዘጋጅ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ያልታወቀው ግን ሰውነትን ለሁለቱም በአንድነት ተጠንቀቅ ብሎ ያቆመዋል። በዚህ ጊዜ ከኩላሊት በላይ የሚገኙት አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ያመነጫሉ፤ ሆርሞኑ ለአጭር ጊዜ ሲሆን ንቃትን የሚያግዝ ቢሆንም፣ ለወራት ከፍ ብሎ ሲቆይ እንቅልፍን ያውካል፣ አእምሮ ሐሳብን ለጥቂት ጊዜ ይዞ የሚያሰላበትን ችሎታም ያዳክማል፤ ተማሪው ቅጹን አመዛዝኖ ለመሙላት የሚያስፈልገውም ይኸው ችሎታ ነው።

ቅጹ ራሱ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አማካይ ውጤቱ 84 በመቶ የሆነ፣ ሕክምናን አጥብቆ የሚፈልግ ተማሪ በቅጹ መጀመሪያ መስመር ላይ ብዕሩን አንሥቶ ያመነታል፤ ሕክምናን አንደኛ ብሎ ሳይደርስበት ቢቀር፣ ሁለተኛ ያደረገውን ምሕንድስና አንደኛ ብለው የመረጡት ይቀድሙት ይሆን? የሚል ጥያቄ ይይዘዋል። የጥያቄው መልስ በተማሪው ብልጠት ላይ ሳይሆን በምደባው ሕግ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ ተማሪዎችንና ኮሌጆችን የማዛመድን ችግር በሒሳብ የፈቱ ሲሆን፣ ሻፕሊ በዚህ ዘርፍ ላበረከተው ሥራ በ2012 ከአልቪን ሮዝ ጋር በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ተማሪዎች ከከፍተኛው ውጤት ወደ ዝቅተኛው ተሰልፈው፣ እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ ከምርጫዎቹ መካከል ቦታ ያልሞላበትን የመጀመሪያውን የሚያገኝ ከሆነና የምርጫው ብዛት ካልተገደበ፣ እውነተኛ ፍላጎትን በቅደም ተከተሉ መጻፍ ማንንም አይጎዳም፤ ሕክምናን አንደኛ ያለው ተማሪም ምሕንድስናን በዚያ ምክንያት አያጣም። በአንጻሩ «አንደኛ ብሎ የመረጠ ይቅደም» የሚል ሕግ ባለበት፣ ወይም ጥቂት መስመሮች ብቻ በተፈቀዱበት ቦታ ተማሪው ምርጫ መሙላቱ ቀርቶ ቁማር ወደ መጫወት ይገባል። የአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ በ2005 የትምህርት ቤት ምደባ ሕጓን የቀየረችው እንዲህ ያለው አሠራር የዋሁን እየቀጣ ብልጡን እንደሚሸልም በመታየቱ ነው። ስለዚህ ሕጉን በግልጽ ቋንቋ ማሳወቅ፣ ብዙ ምርጫ መፍቀድና ያለፈውን ዓመት የየፋኩልቲውን መቁረጫ ነጥብ ከቅጹ ጋር መስጠት፣ ከብዙ የምክር ቃል ይልቅ ተማሪውን ያሳርፉታል።

የእርግጠኝነትን ኃይል በቁጥር ያሳየ ሌላ ሙከራም አለ። በሚሺጋን ግዛት ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡ ጎበዝ ተማሪዎች፣ በግዛቲቱ ዋና ዩኒቨርሲቲ ቢቀበሏቸው ለአራት ዓመት ያለ ክፍያ እንደሚማሩ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ሲላክላቸው 68 በመቶ አመለከቱ፤ ካልተላከላቸው መካከል ያመለከቱት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። ደብዳቤው ያልደረሳቸውም አመልክተው ተቀባይነት ቢያገኙ አብዛኞቹ ተመሳሳይ ድጋፍ ያገኙ ስለነበር፣ የተጨመረላቸው ነገር ከገንዘቡ ይልቅ ማወቁ ነበር።

ካርቱም ላይ ይህ ሁሉ የተፈተነው እጅግ በከፋ መንገድ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ፣ በ1902 እ.ኤ.አ. የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ተብሎ የተከፈተውና ከሱዳን ነጻነት ጀምሮ በከተማይቱ ስም የሚጠራው አንጋፋ ዩኒቨርሲቲ የውጊያ ቀጣና ውስጥ ገባ፤ ለዚያ ዓመት የሰርተፍኬት ፈተና ሲዘጋጁ የነበሩ ተማሪዎችም ቀኑ ወደማይታወቅ ጊዜ ተላለፈባቸው። መጽሐፉን ያስቀምጥ ወይስ ደጋግሞ ያንብብ፣ ተሰድዶ በሄደበት አገር ከታች ይጀምር ወይስ ይጠብቅ፣ ለሁሉም መልስ አልነበረም። ፈተናው በመጨረሻ የተጀመረው 20 ወራት ካለፉ በኋላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ የተሰጠውም ሠራዊቱ በሚቆጣጠራቸው ግዛቶችና እንደ ግብፅ ባሉ በውጭ በተዘጋጁ ጣቢያዎች ነበር። ፈተና ሊሰጥ ባልቻለባቸው የዳርፉር አካባቢዎች የቀሩት እኩዮቻቸው ግን በዚያም ቀን ድንጋዩን ሳይገልጡ ቀሩ።