ቦዩ የማን ነው?

ደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስለ ሆነች፣ በክረምት ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በሰፈሮቿ መካከል አልፎ ወደ ቦርከና ወንዝ መግባቱ ግድ ነው። ውሃ ቁልቁለትን እንጂ ሹመትን አያውቅም። መንገዱን ካገኘ በሰላም ያልፋል፤ ከተዘጋበት ግን የሰው ደጅ ይከፍታል።

እኛ የሆጤ ነዋሪዎች ይህን እናውቃለን፤ ሆኖም ማወቅና ማድረግ ለየቅል ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ወደ ቤቴ በተመለስኩበት ክረምት፣ ከቤታችን ዝቅ ብለው የሚኖሩ የአንዲት እናት ቤት በሌሊት ጎርፍ ገባበት። ፍራሻቸው ራሰ፤ ለዓመት ያስቀመጡት እህል በሰበሰ። ጎረቤቱ ሁሉ ጥፋቱን በሌላ ሲያላክክ፣ እኔም በተማረ አንደበቴ ስለ ከተማ ፕላን ብዙ ተናገርኩ። ሲነጋ ቦዩ ሲቆፈር ግን የዘጋው ፌስታል፣ አሮጌ ጨርቅና የሽንኩርት ልጣጭ ሆኖ ተገኘ። ከመካከሉም የእኛን ቤት የዱቄት ከረጢት ለየሁት። እማማም አይተውት ኖሮ፣ «ልጄ፣ ዝናቡ የአላህ ነው፤ ቦዩስ የማን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዋናውን ቦይ መሥራትና መጠገን የማዘጋጃ ቤት ተግባር መሆኑ አይካድም፤ ነዋሪውም ይህን የመጠየቅ መብት አለው። ነገር ግን በየደጃችን ያለችውን ጥቂት ክንድ ቦይ ማታ ማታ የምንደፍናት እኛው ነን። ስለዚህ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ሰኔ ከመግባቱ በፊት የሚከተሉትን ለማሳሰብ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ ከቦይ ያወጣነውን ጭቃ በአፋፉ ላይ አንተወው፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋልና። ሁለተኛ፣ የቤት ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ እስኪመጡ በጆንያ ሆኖ ከግቢ ይቆይ፤ የአትክልት ልጣጩም ለጓሮ ማዳበሪያ ይሁን። ሦስተኛ፣ ለመሸጋገሪያ ብለን በቦዩ ላይ ሲሚንቶ ስናስደፋ ለመጥረጊያ የሚከፈት ቦታ እንተው። አራተኛ፣ የጣራውን ውሃ በበርሜል እንቀበል፤ ቧንቧ በጠፋ ቀን ለልብስ ማጠቢያ ይሆናል። በርሜሉ ግን ትንኝ እንዳይራባበትና ሕፃን እንዳይገባበት ይከደን። አምስተኛ፣ ዋናው ቦይ የተሰበረ እንደ ሆነ ለቀበሌ ስናመለክት «ሰፈራችን ተበላሸ» ማለት አይበቃም፤ ከየትኛው ቤት እስከ የትኛው መታጠፊያ መሆኑን ጽፈን፣ ጎረቤት ሁሉ ፈርሞ፣ ማመልከቻው የገባበትን ቀን መዝግበን እንያዝ። ከሁሉም በላይ፣ ጎርፍ በሞላ ጊዜ ልጅ ለብቻው አይሻገር።

ነገሩ በሆጤ አያበቃም። ቦርከና ከደሴ ወርዶ፣ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ በምትገኘው በኮምቦልቻ በኩል ያልፋል፤ ከዚያም በጨፋ ሜዳ ዘልቆ የአዋሽ ገባር ይሆናል። በጨፋ ከብቱን የሚያጠጣው እረኛ የእኛን ፌስታል ላኩልኝ አላለም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ ቢሆንም በየቦዩ ዳር ዘብ ሊያቆም የሚችል አዋጅ የለም።

እማማ በዚያው ሰሞን ቡና አፍልተው ጎረቤቱን ጠሩ። እኛም ከቡናው በፊት አካፋ ይዘን ወረድን፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ግንቦት ሲያልቅ እንዲሁ እናደርጋለን። አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ እሑድ ነው፤ እስቲ ወደ ደጅህ ወጣ ብለህ ቦይህን ተመልከት።