ትዝታ ቋጣሪው ሂፖካምፐስ

ትዝታ ሲነሣ ሁሌ የሚወደሰው ልብ ነው። ሥራውን የሚሠራው ግን በጆሮ ግንድ በኩል፣ ከአንጎል ውስጥ በግራም በቀኝም የተጋደመው ሂፖካምፐስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ አሜሪካዊ ለሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ከሁለቱም ወገን የሂፖካምፐሱን ትልቅ ክፍል አወጡበት። በሽታው ቀለል አለለት፤ ከዚያ ወዲያ ግን በ2008 እስኪሞት ድረስ ውሎውን መያዝ አልቻለም።

አሠራሩ ይደንቃል። ድሮ አያታችን ቤት የሸተተን ዕጣን ዛሬ ሲሸተን ሂፖካምፐስ ከዚያች ፍንጭ ተነሥቶ የቀረውን ያሟላል፤ ያኔ ያየንባቸውና የሰማንባቸው የአንጎል ክፍሎች እንደገና ይቀሰቀሳሉ። አያታችን ከነነጠላቸው የሚታዩን፣ ድምፃቸውም የሚሰማን ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ቁልጭ ብሎ የታየውን ሁሉ እንደ ተቀረጸ ፊልም ያምነዋል። አንድ ለቅሶ ቤት ሁለት አጎቶቼ የያኔውን መሪ የመንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ከአገር መውጣት ሬዲዮ ያወራ ዕለት የት እንደነበሩ ተከራከሩ። አንደኛው «ቤት ተቀምጠን» ሲሉ፣ ሌላው «ምን ነካህ፣ ሱቁ በር ላይ አብረን ቆመን!» አሉ። ሁለቱም ማሉ፤ ማናቸውም እየዋሹ አልነበሩም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኡልሪክ ናይሰርና ኒኮል ሃርሽ ይህንኑ መርምረውታል። ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በጥር 1986 በፈነዳች ማግሥት፣ ተማሪዎች ወሬውን የት፣ ከማን፣ ምን እየሠሩ እንደሰሙ አስጻፏቸው። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ለ44ቱ ያንኑ ጥያቄ መልሰው ሲያቀርቡላቸው፣ ሩቡ ከዋና ዋናዎቹ ነጥቦች አንዱንም አላገኙም። ብዙዎቹ ግን እርግጠኞች ነበሩ፤ የገዛ እጅ ጽሑፋቸውን ማየታቸው እንኳ የፊተኛውን ትዝታ አልመለሰላቸውም።

ትዝታ በተነሣ ቁጥር እንደ አዲስ ይገነባልና፣ ኋላ የሰማነው ወሬ ይገባበታል። የአንጎል ተመራማሪው ካሪም ናደርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ከአይጦች ያገኙት ውጤትም ወደዚሁ ያመለክታል፦ አይጧ የተማረችውን ፍርሃት ባስታወሰች ሰዓት ፕሮቲን መሥራትን የሚያግድ መድኃኒት አሚግዳላ በተባለው የአንጎሏ ክፍል ውስጥ ሲገባ፣ ፍርሃቱ በኋላ ደከመ። የተነሣ ትዝታ እንደገና እስኪጸና ድረስ ልል ነው ማለት ነው።

ስለዚህ «አሁንም ዓይኔ ላይ አለ» ብላችሁ ሰው አትክሰሱ። ምስክር የምትሰሙ ደግሞ፣ እርስ በርስ ሳያወሩ ለየብቻ ጠይቋቸው፤ ቃላቸውንም በዕለቱ ጻፉት።