ባቡሩ ሞቷል፣ ምልክቱ ግን ይሸጣል

ዛሬ ከእህልና ከቡና ዋጋ ትንሽ ወጣ እንበል። የምናወራው ግን ያው ስለ ዋጋ ነው።

መርሳ ወይም ወልዲያ ገበያ ላይ ልባሽ ጨርቅ ሲዘረገፍ «ሳውዘርን ፓስፊክ» ወይም «ግሬት ኖርዘርን» የሚል ቲሸርት ካጋጠማችሁ፣ የድሮ የአሜሪካ ባቡር ድርጅቶች ስም ነው። የግሬት ኖርዘርን ምልክት ዐለት ላይ የቆመ የተራራ ፍየል ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1970 ከሌሎች ጋር ተዋህዶ ስሙ ቀረ። ሳውዘርን ፓስፊክን ደግሞ በ1996 ዩኒየን ፓስፊክ ጠቀለለው። ድርጅቶቹ ዛሬ የሉም፤ ምልክታቸው ግን አሁንም አዲስ ልብስ ላይ እየታተመ ይሸጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልባሽ በቦንዳ ታስሮ በኪሎ ሲሸጥ (ለንግድ ማስገባቱ በአገራችን ክልክል መሆኑ ሳይረሳ) ፍየሉ ያለበትም የሌለበትም ሚዛን ላይ እኩል ነው። አሜሪካ ውስጥ አዲሱ ሲሸጥ ግን ጥጡም ስፌቱም አንድ ሆኖ ዋጋውን የሚለየው ምልክቱ ነው። አታሚው ከምልክቱ ባለቤት ፈቃድ ያወጣል፣ ብዙ ጊዜም ከሽያጩ በመቶኛ ይከፍላል። ጥጥ አምራቹና ሰፊው የድርሻቸውን አንዴ ይቀበላሉ፤ ባለ ምልክቱ ግን ቲሸርት በተሸጠ ቁጥር ያገኛል።

ሌላም ምክንያት አለ። በአሜሪካ ሕግ አንድ ምልክት ለ3 ተከታታይ ዓመት ካልተሠራበት እንደተተወ ይገመታል። ስለዚህ ቲሸርቱና ኮፍያው ገቢ ብቻ ሳይሆኑ የምልክቱ እስትንፋስም ናቸው። ዩኒየን ፓስፊክ እኮ በ2004 የአሻንጉሊት ባቡር አምራቾችን ሳይቀር በምልክቱ ምክንያት ከሷል፤ የአሻንጉሊቱን ክፍያ የተወው በ2006 ነው።

እኛም መንገዱን እናውቀዋለን። ኢትዮጵያ በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ በ2007 ግን ስታርባክስ ለስሞቹ እውቅና የሚሰጥ ስምምነት ፈረመ። አገራችን የመረጠችው ያለ ክፍያ ፈቃድ መስጠትን ነው፤ ዓላማው ስሙን ማስፋትና የመደራደር አቅም ማግኘት ነበር።

አሁን ወደ ሀብሩ እንምጣ። ማሽላው፣ ጤፉ፣ ፍራፍሬው ምልክት በሌለው ጆንያና ሳጥን ከወጣ፣ ደሴና አዲስ አበባ ሲደርስ ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል? ያው እንደ ቦንዳው በኪሎ ብቻ ይመዘናል። ለዩኒየኖች ሦስት ነገር እንበል፦

1. ጆንያ ላይ ከማሳተማችሁ በፊት አስመዝግቡ። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ማኅበራት አባሎቻቸው በጋራ የሚጠቀሙበትን ምልክት ማስመዝገብ ይችላሉ። የቦታ ስም ብቻውን ለመያዝ ያስቸግራል፤ የራሳችሁ ሥዕል ይኑረው።
2. ተጠቀሙበት። ምዝገባው ለ7 ዓመት ነው፣ ይታደሳል፤ 3 ዓመት ካልተሠራበት ግን ሊሰረዝ ይችላል።
3. ጥራቱን ጠብቁ። ድንጋይ የተቀላቀለበት አንድ ጆንያ የመቶውን ጆንያ ስም ያጠፋል።

ምልክት ብቻውን ዋጋ አይጨምርም። ገዢው አንዴ ወዶት ተመልሶ ሲፈልገው ግን በስሙ ጠርቶ እንዲያገኘው ያደርጋል፤ ዋጋ መደራደር የሚቻለውም ያኔ ነው።

መልካም ገበያ!