መብራቱ ጠፋ፤ ቬንትሌተሩ ግን ይዞራል

ድሬዳዋ በሙቀቷ የታወቀች ከተማ ናትና ከኮርኒስ የሚንጠለጠል ቬንትሌተር ያለበትን ክፍል የተከራየ ወጣት ዕድለኛ ነው። እኔም ከዕድለኞቹ አንዱ ነበርሁ። ይሁን እንጂ ከቬንትሌተሩ ሥር በብርጭቆ ሽፋን ውስጥ ያለው አምፑል፣ ማታ መጽሐፍ በገለጥሁ በግማሽ ሰዓት ድርግም ይላል፤ ጥቂት ቆይቶም ያለ ጠሪ ይመለሳል።

«ደግሞ መብራት አጠፉብን!» እያልሁ ሳማርር ሰነበትሁ። አንድ ምሽት ግን ቀና ብል ቬንትሌተሩ ይዞራል። ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥ ኖሮ እርሱስ በምን ይዞር ነበር? ሰው በከንቱ ማማቴ አሳፈረኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ምልክቱን መመርመር ያሻል። በርቶ ቆይቶ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝም የሚመለስ አምፑል ብዙውን ጊዜ ሙቀት የበዛበት ነው። የኤል ኢ ዲ አምፑል በተዘጋ ብርጭቆ ውስጥ ሲታፈን በሆዱ ያለው መቆጣጠሪያ ይግላል፤ መድኃኒቱም ለተዘጋ ሽፋን የተሠራ አምፑል መግዛት ነው።

ቬንትሌተሩ ሲፈጥን የሚርገበገብ እንደ ሆነ ግን ንዝረቱ አምፑሉን ወይም የሽቦውን መጋጠሚያ አላልቶት ይሆናል። ይህ የበለጠ ያሰጋል፤ የላላ መጋጠሚያ ግሎ ቤት ሊያቃጥል ይችላልና።

አንባቢ ሆይ፣ ከመሰላል ላይ ከመውጣትዎ በፊት ኃይሉን ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ማቋረጫ ያጥፉ፤ የግድግዳውን ማጥፊያ ብቻ አይመኑ። አምፑሉን ማጥበቅና መለወጥ የእርስዎ ሥራ ነው፤ ሽቦውን ግን ለባለሙያ ይተዉ።

እኔ ሳምንት ሙሉ ሰው የወቀስሁበት ጉዳይ በአንድ አምፑል ተፈጸመ።