ብረትን በሸክላ ላይ ማሳደር፦ በማዕድን ተሸካሚነት ስለሚሠሩ የማግኔት ረቂቅ ቅንጣቶች ዳሰሳ

ከጎንደር ከተማ ወጥቶ ወደ ደባርቅ በሚወስደው ጎዳና ብዙም ሳይርቁ የሚያገኙት የወለቃ መንደር፣ አብዛኞቹ የቤተ እስራኤል ወገኖች ወደ እስራኤል ከመሻገራቸው አስቀድሞ፣ ወንዶቹ በወናፍና በመዶሻ ማረሻና ማጭድ የሚያወጡበት፣ ሴቶቹም ያለ መንኰራኵር በእጃቸው ብቻ ጭቃ እያድበለበሉ ገንቦና ጀበና የሚያበጁበት፣ የሁለት ጥበብ መንደር እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ብረቱና ሸክላው በዚያ በጉርብትና ይኖሩ ነበር፤ ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው የዘመናችን የኬሚስትሪ ጥበብ ግን ሁለቱን በአንድ ዕቃ ውስጥ የሚያዋሕድ ሲሆን፣ ብረቱን በናኖሜትር፣ ማለት በሜትር አንድ ቢሊዮንኛ በሚለካ ረቂቅ ቅንጣት መልክ በሸክላው ወይም በሌላ ማዕድን ገጽ ላይ እንዲያድር ያደርገዋል። (ነገሩን በጥንቃቄ ለሚመለከት ሰው ሸክላ ሠሪዋም ለዚህ ጥበብ ፈጽማ ባዕድ አይደለችም፤ ብረት ያለበት ቀይ ጭቃ አየር በተነፈገ የጢስ እሳት ውስጥ ሲቃጠል የሚጠቁረው ጥላሸት ስለሚጠጣ ብቻ ሳይሆን፣ ቀዩ የብረት ዝገት ኦክሲጅኑን በከፊል አጥቶ ወደ ጥቁሩ ማግኔታይት ሊለወጥ ስለሚችልም ነው።)

ከሰው እጅ አስቀድማ ይህን ሥራ የሠራችው ተፈጥሮ ናት። ከደባርቅ ቍልቍል በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ የሚወርድ መንገደኛ ግራና ቀኝ የሚያየው ያ እርከን በእርከን የተደራረበ ጥቁር ድንጋይ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከከርሠ ምድር የፈሰሰ ባዛልት ሲሆን፣ ቅላጩ ሲቀዘቅዝ በሌሎች ማዕድናት መካከል ታይታንየም የተቀላቀለባቸው ደቃቅ የማግኔታይት ቅንጣቶች ረግተውበታል። እነዚህ ቅንጣቶች በቀዘቀዙበት ሰዓት የነበረውን የምድር ማግኔታዊ አቅጣጫ እስከ ዛሬ ይዘው በመቆየታቸው፣ የሥነ ምድር ሊቃውንት የሊማሊሞን ገደል ከታች እስከ ላይ ናሙና እየወሰዱ የፍሰቱን ዘመን መርምረውበታል። ያው ባዛልት በዝናብና በፀሐይ ብዛት ሲፈርስ፣ ውሃ በሚንጠፈጠፍበት ተዳፋት ቀይ አፈር፣ ውሃ በሚተኛበት በደንቢያ ሜዳ ደግሞ በክረምት የሚያብጥና በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር ዋልካ ይሆናል። የዋልካውን ማበጥና መሰንጠቅ የሚያመጣው ሞንትሞሪሎናይት የሚባለው የሸክላ ማዕድንና ወንድሞቹ ናቸው።

ማግኔታይት እጅግ ሲደቅ ጠባዩ ይለወጣል። ከ20 እስከ 30 ናኖሜትር ከሚሆነው ወሰን በታች ሲወርድ፣ ማግኔት ሲቀርበው በብርታት ይሳባል፤ ማግኔቱ ሲርቅ ግን የመሳብን ትዝታ አያስቀርም፤ ስለዚህ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው እንደ ተጣበቁ ሳይቀሩ ተመልሰው በውሃው ይበተናሉ። የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት ባልደረባ እስቲቨን ፓፔል በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በማግኔት የሚመራ ፈሳሽ ያዘጋጀው ማግኔታይትን በመፍጨት ነበር፤ ዛሬ በየቤተ ሙከራው የተለመደውን ቀላል መንገድ፣ ማለት የብረትን ጨዎች በውሃ አሟሙቶ በአልካሊ ማዝቀጥን፣ በ1981 (እ.ኤ.አ.) በጽሑፍ ያሳወቀው ፈረንሳዊው ረኔ ማሳር ነው። ዳሩ ግን ብቻውን የተሠራ ማግኔታይት ሦስት ነውር አለበት፤ ከገጹ ስፋት የተነሣ ይጓጉላል፣ ከአየር ጋር ሲገናኝ ይዝጋል፣ በውሃ ውስጥ ሲሠማራም ከማግኔቱ እያመለጠ ይጠፋል። ስለዚህ ጥበብ የሚጽፉ ሰዎች ምስጋናውን በአመዛኙ ለብረቱ ቢሰጡትም፣ በእኔ ግምት የሥራውን ፍጻሜ የሚወስነው የተሸካሚው ማዕድን ባሕርይ ነው።

ሞንትሞሪሎናይት እንደ ብራና መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል የተደራረበ ነው፤ የአንዱ ቅጠል ውፍረት አንድ ናኖሜትር ያህል ሲሆን፣ በቅጠሎቹ መካከል ያለው ገጽ ተቈጥሮ አንዱ ግራም እስከ 700 ካሬ ሜትር ይዘረጋል። ቅጠሎቹ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው አዎንታዊ የሆኑትን የብረት አዮኖች ስበው በመካከላቸው ያስቀምጣሉ። ካኦሊን ግን ቅጠሎቹ ጥብቅ ስለሆኑ በመካከላቸው ምንም አያስገባም፤ ገጹም በግራም ከ10 እስከ 20 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ብረቱ የሚያርፈው በጠርዙና በውጪው ነው። ዜኦላይት በአንጻሩ ጥብቅ ቀዳዳ ያለው ቤት ሲሆን፣ ማግኔታይቱ ከቀዳዳው ስለሚበልጥ በደጅ ይቀመጣል፤ የቤቱ ውስጥ ለሌላ ሥራ ነጻ ይሆናል። በአገራችን ቤንቶናይት የሚባለው ሞንትሞሪሎናይት የሚበዛበት ሸክላ በአፋር፣ ዳያቶማይት የሚባለው ሌላ ተሸካሚ ማዕድን በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዙሪያ፣ ካኦሊን ደግሞ በቦምቦውሃና በደብረ ታቦር አካባቢ ይገኛል።

አሠራሩን ቀርቦ ለሚያይ ሰው እንዲህ ነው። አስቀድሞ ሸክላው ታጥቦ፣ አሸዋው ተለይቶ፣ በውሃ ይበጠበጣል፤ ከዚያም ሁለት እጅ ፌሪክ ክሎራይድና አንድ እጅ ፌረስ ጨው ይጨመርበትና አዮኖቹ ወደ ሸክላው ገጽ እስኪገቡ በዝግታ ይማሰላል። አየር እንዳያበላሸው ናይትሮጅን እየተነፋበት፣ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እየሞቀ፣ አሞኒያ ወይም ኮስቲክ ሶዳ በጠብታ ሲወርድበት ቢጫማ የነበረው ብጥብጥ መጀመሪያ ቡኒ፣ ወዲያው ጥቁር ይሆናል። ማግኔት በብርጭቆው ጎን ቢያስጠጉ ጥቁሩ ሁሉ ወደ ግድግዳው ተሰብስቦ ይቆማል፤ ውሃው ደመና ለብሶ ከቀረ ግን ብረት ያልያዘ ሸክላ ተርፏል ማለት ነው፤ ይህን ፈተና ሳያልፍ የደረቀ ዱቄት ቢመዝኑት ዋጋ የለውም። ሌሎችም መንገዶች አሉ፤ በታሸገ ዕቃ በእንፋሎት ግፊት ማብሰል፣ ብረት የጠጣውን ሸክላ በሃይድሮጅን ጋዝ ማጋል፣ ከቅጠል ጭማቂ ጋር ማፍላት፤ የመጨረሻው ዛሬ በብዙ ይወደሳል፣ የጭማቂው ጠባይ በየወቅቱ ስለሚለዋወጥ ግን እኔ ብዙ አልተማመንበትም።

የዚህ ሁሉ ድካም ዓላማ በአመዛኙ ውሃን ማጥራት ነው። በ2006 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ተመራማሪዎች 12 ናኖሜትር ያህል የሆነ ማግኔታይት በደካማ ማግኔት እየሳቡ አርሴኒክን ከውሃ ለይተዋል። በእኛ አገር ግን አስጨናቂው አርሴኒክ ሳይሆን የስምጥ ሸለቆው ፍሎራይድ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የመከረውን ብዙ ጕድጓዶች ይሻገሩታል። ፍሎራይድ ራሱ አሉታዊ ሙል ስላለው ሸክላው ብቻውን ይገፋዋል፤ የሚይዘው በላዩ ያደረው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ቀለምና ከባድ ብረቶችን ግን ሸክላው ራሱ በፈቃዱ ይቀበላል። የጎንደር ፍላጎት ከዚህ ይለያል። የከተማይቱ ጓዳና ገበያ የሚለቀው እድፍ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች በኩል ወደ መገጭ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ጣና ይወርዳል፤ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የጤና መኮንኖችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ለጀመረው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የውሃ ነገር እንግዳ አይደለም።

በዚህ መስክ ከሚወጡት ጽሑፎች ብዙዎቹ በተጣራ ውሃ ውስጥ ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ቀለም አሟሙተው፣ ቀለሙ ከመቶ ዘጠና ምናምን ጠፋ ብለው ይደመድማሉ። የወንዝ ውሃ ግን ካልሲየም፣ የበሰበሰ ቅጠልና ደለል ይዞ ስለሚመጣ፣ እነዚህ ሁሉ ለቀለሙ የታሰበውን ቦታ ይሻማሉ። ተሸካሚው በበዛ ቍጥር የሚይዘው ያድጋል፣ የማግኔቱ ኃይል ግን ይቀንሳል፤ ንጹሕ ማግኔታይት በግራም 92 ኢ.ኤም.ዩ. (የማግኔታዊ ኃይል መለኪያ) ሲደርስ፣ እኩል ሸክላ የተቀላቀለበት ከግማሹም በታች ሊወርድ ይችላል። ውሃው ኮምጣጣ ከሆነ ደግሞ ብረቱ ራሱ ይሟሟል፤ እንግዲህ ዱቄቱ በማግኔት ከተለየ በኋላ የቀረው ውሃ ለብረት መመርመር አለበት፤ በአንድ ሊትር ከ0.3 ሚሊግራም ካለፈ ጣዕሙ ይለወጣል፣ የተጠቀመበትም ልብስ ይበልዛል።