ገመናና የጤና መዝገብ

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ታብሌቷን ይዛ ወደ ቤት ስትመጣ ብዙ አዛውንት ለምን ቁጥብ እንደሚሆኑ አስባችሁ ታውቃላችሁ? «ሥልጣኔ ስላልገባቸው ነው» የሚል መልስ ደጋግመን እንሰማለን። ከቁይና ከአካባቢዋ የመጣን ሰልጣኞች ግን ይህን አንቀበልም።

በቋንቋችን ገመና የሚል ቃል አለ። አንዲት እናት ጉልበቷን እንደሚያማት ለመንደሩ ሁሉ ትናገራለች። ሽንት አልቋጠር እንዳላት ግን ለገዛ ልጇም አትናገርም። ለንስሐ አባቷ፣ ለሐኪም፣ ለጎረቤት የምትነግረው ለየብቻው ነው። የሚያስጨንቃት እንግዲህ የነገረችው ነገር ከማን ጆሮ እንደሚደርስ ነው።

ለብዙ ዓመታት የቤተሰብ መረጃ በወረቀት ማኅደር ይያዝ ነበር። ማኅደሩ ጤና ኬላው ውስጥ ሲቀመጥ ሰው በዓይኑ ያየዋል። ዛሬ በብዙ ቀበሌዎች ያው መረጃ በታብሌት ይመዘገባል። ኔትወርክ በሌለበት እዚያው ታብሌቱ ውስጥ ይቆያል፤ ሲገኝ ወደ ማእከላዊ ቋት ይላካል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ስም ያለበት የግለሰብ መዝገብ አንድ ነው። ከወረዳ ወደ ዞን እያለ እስከ ጤና ሚኒስቴር የሚወጣው ወርኃዊ ሪፖርት ግን ሌላ ነው፤ ይህን ያህል ሰው ደም ግፊት ተገኘበት ይላል እንጂ የእነ እገሌ አባት አይልም። ታዲያ ይህን ቁጭ ብሎ ለአዛውንቱ የሚያስረዳ ስንት ሰው አለ?

ደግሞስ ከሩቁ ቋት ይልቅ የቅርቡ ጆሮ ነው የሚያስፈራው። ባለሙያዋ በአብዛኛው የዚያው አካባቢ ልጅ ናት። ቤቱን ማወቋ ለሥራዋ ይበጃል፤ ሆኖም አያ እገሌ አፋቸውን የሚይዙት የጎረቤት ልጅ ስለሆነች ነው። ስልክም እንዲሁ ነው። በብዙ ቤት አንድ ስልክ የሁሉም ነውና የቀጠሮ መልእክት ሲመጣ የሚያነበው የልጅ ልጅ ነው። ቀጠሮው የኤችአይቪ መድኃኒት ቢሆንስ?

ዝም ማለቱም ጉዳት አለው። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የብዙ መድኃኒቶችን ኃይል ያዳክማል። የሚውጡትን ክኒን የደበቁ አባት ይህ ቢታዘዝላቸው ሐኪሙ ምን ብሎ ያውቃል?

ፍርሃቱ የኛ ሰዎች ብቻም አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ ቫስታሞ ከተባለ የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት የተሰረቀ መዝገብ ወጥቶ ታካሚዎቹ በየግላቸው «ካልከፈላችሁ ምስጢራችሁን እናወጣለን» ተብለዋል። ፊንላንዶች እኮ ኮምፒዩተር አልገባቸውም አይባልም!

በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጁ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ጋር መድቦታል፤ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን የማወቅና ስሕተት ካለበት የማሳረም መብት አለው። ይሁንና ፊደል ላልቆጠሩ አዛውንት መብቱ በሌላ ሰው ዓይን የሚሠራ ነው። በገጠር ይህ ሌላ ሰው ብዙ ጊዜ መምህሩ ነው፤ ነገ እኛ ማለት ነው። «እስቲ ልጄ፣ ምን ይላል?» ብለው ስልኩን ወይም ካርዱን ሲሰጡን፣ እዚያው ከሰው መሐል ጮኸን ከማንበባችን በፊት «እዚሁ ላንብብልዎት ወይስ ፈቀቅ እንበል?» ብለን እንጠይቃቸው።